«ዊዝአውት ዩ»ን ማን ቀማ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ዊዝአውት ዩ» ስለሚባለው ዘፈን የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። ሁለቴ አነበብኩት። ስጨርስ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘፈኑን አብዛኞቻችን የምናውቀው በማሪያ ኬሪ ድምጽ ነው። ከእሷ በፊት አሜሪካዊው ሃሪ ኒልሰን ዘፍኖታል። ከሁለቱም በፊት የሠራው ግን ባድፊንገር የሚባል የብሪታንያ የሮክ ባንድ ነው። ጸሐፊው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ከሚለው ተረት ይነሱና አምስት ነገር ይላሉ። እውነተኛው ዘፈን የባድፊንገር ብቻ ነው፤ ኒልሰን ቫዮሊን ከመከመር ሌላ የጨመረው የለም። ኒልሰን የራሱ ሐሳብ ሲነጥፍበት የሰው ሥራ በብልጠት ወሰደ። ማሪያ ኬሪ ደግሞ የኒልሰንን ሞት ገበያ አደረገችው። የዘፈኑ ደራሲዎች ፒት ሃምና ቶም ኢቫንስ ተጎሳቁለው የሞቱት ሌሎች በእነሱ ላብ ስለከበሩ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሌሎቹን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ ይስማ።

ጸሐፊው ለሃምና ለኢቫንስ ያላቸው ሐዘኔታ የእውነት ነው። ከጽሑፉ ያስታውቃል። እኔም እነዚህን ሁለት ሰዎች እወዳቸዋለሁ። የምጽፈውም ስለምወዳቸው ነው። በእነሱ ላይ የደረሰው በደል ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ወረቀት አለው። ወቀሳው ዘፋኞቹ ላይ ሲወድቅ ያ ሁሉ ይሸፈናል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከሙዚቃው ልጀምር።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ሦስቱንም በጆሮ ማዳመጫ ተራ በተራ ሰማኋቸው። የባድፊንገሩ በ1970 በወጣው «ኖ ዳይስ» በተባለው አልበም ላይ ነው ያለው። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ የሚዘጋው በእሱ ነው። ጊታር አለ፣ ኦርጋን አለ፣ ከበሮ አለ። ስንኙ ሲጀመር ድምጹ ቅርብ ነው። ወንበር ስቦ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ያወራህ ይመስልሃል። ከዚያ አዝማቹ ይመጣል። ይመጣል፣ ግን ቤቱን አያናውጠውም። ባንዱ በዚያው በያዘው መንገድ ይቀጥላል። የተደራረቡት ድምጾች ያምራሉ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ደረት የሚሰነጥቅ ጩኸት ግን እዚያ የለም።

ይህን የምለው ባድፊንገርን ለማሳነስ አይደለም። ዘፈኑ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። መጀመሪያ አንድ ዘፈን አልነበረም፤ የሁለት ዘፈን ቁራጭ ነበር። ሃም ጥሩ ስንኝ ነበረው፣ አዝማቹ ግን አልሆነለትም። ኢቫንስ ደግሞ አዝማች ነበረው፣ ስንኙ አልሆነለትም። ሁለቱን ገጣጠሟቸው። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት። የስንኙ ሰው መለያየቱን ተቀብሏል። ያዝናል፣ ግን «እንግዲህ ምን ይደረግ» ያለ ሰው ነው። የአዝማቹ ሰው ግን አልተቀበለም። ያለ እሷ መኖር አልችልም ብሎ እምቢ ይላል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ጠባይ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ።

ባድፊንገር ሁለቱንም በአንድ ስሜት ነው የተጫወታቸው። ኒልሰን ግን ለያያቸው። የእሱ የሚጀምረው በፒያኖ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሚጫወተው ጋሪ ራይት ነው። ኒልሰን ስንኙን ሲዘፍን ድምጹን ቆጥቦ ነው። አዝማቹን መጀመሪያ ሲነካውም ገና አልለቀቀውም። ሲደግመው ነው ድምጹ ብድግ ብሎ ላይ የሚወጣው። የአቀናባሪው የፖል በክማስተር ቫዮሊኖችም ያንን መውጣት ተሸክመው ይሄዳሉ። ይህ ከላይ የተነሰነሰ ቅመም አይደለም። የዘፈኑን ሁለት ሰዎች ለይቶ ያሳየን ቅንብር ነው። እኛ አገርም ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ተለያይተው የሚጠሩት እኮ ለዚህ ነው። አቀናባሪው ዜማውን አልደረሰም፤ ሥራ ግን ሠርቷል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። ኒልሰን ራሱ መጀመሪያ ያሰበው ዘፈኑን ለብቻው፣ በፒያኖ ብቻ ሊዘፍነው ነበር። እንዲያ አድርጎ ሞክሮታልም። በትልቅ ቅንብር ካልተሠራ ብሎ የሞገተው ፕሮዲዩሰሩ ሪቻርድ ፔሪ ነው። ቫዮሊኑ በዛ የሚል ካለ አቤቱታው ወደ ፔሪ ይሂድ። እኔ በበኩሌ ፔሪ ልክ ነበር እላለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ኒልሰን ሐሳብ ነጥፎበት የሰው ሥራ ወሰደ የሚለው ነው።

ኒልሰን ዘፈኑን የሰማው አንድ ግብዣ ላይ ነው። የቢትልስ መስሎት ነበር። የሚገርም አይደለም። ባድፊንገር የቢትልስ ኩባንያ በሆነው በአፕል ሥር ነበሩ። የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈናቸውን «ካም ኤንድ ጌት ኢት»ን የሰጣቸው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። «ዊዝአውት ዩ»ን ፕሮዲዩስ ያደረገው ጄፍ ኤምሪክ የቢትልስ የድምጽ መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። ኒልሰን የማን እንደሆነ ሲደርስበት ዘፈነው። በሸክላው ላይ ደራሲዎቹ ሃምና ኢቫንስ መሆናቸው ተጽፏል። በድብቅ የተወሰደ ነገር የለም።

ሐሳብ ነጠፈበት የሚለው ደግሞ ጨርሶ አያስኬድም። ዘፈኑ የወጣበት የ1971 አልበም «ኒልሰን ሽሚልሰን» ይባላል። «ኮኮነት» እና «ጃምፕ ኢንቱ ዘ ፋየር» እዚያው ላይ ናቸው፤ ሁለቱም የራሱ ድርሰት። እንዲያውም የዚህ ሰው ታሪክ ሲታይ ነገሩ ወደ ሌላ ወገን ይዞን ይሄዳል። «ዋን» የሚባለውን ዘፈን የደረሰው ኒልሰን ነው፤ በ1969 ትልቅ ዘፈን ያደረጉት ግን ስሪ ዶግ ናይት የተባሉት ባንድ ናቸው። በዚያው ዓመት ኒልሰንን ስመ ጥር ያደረገው «ኤቭሪባዲስ ቶኪን» ደግሞ የፍሬድ ኒል ድርሰት ነው። ሰጥቷል፣ ተቀብሏል። በዚያ ዘመን ዘፈን እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። ያኔ ማንም ማንንም ሌባ አላለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባድፊንገር «ዊዝአውት ዩ»ን በዚያን ጊዜ ነጠላ ዜማ አድርገው አላወጡትም። ከዚያ አልበም የመረጡት «ኖ ማተር ዋት»ን ነበር። ምርጫቸውም ትክክል ነበር፤ በብሪታንያም በአሜሪካም ከመጀመሪያዎቹ አስር ውስጥ ገብቶላቸዋል። ስለዚህ ኒልሰን ከእጃቸው የነጠቀው ገበያ አልነበረም። አልበም ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ዘፈን ነው ያነሳው። በ1972 በአሜሪካ አራት ሳምንት፣ በብሪታንያ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1973 ደግሞ የብሪታንያ የዘፈን ደራሲዎች የሚከበሩበትን የአይቮር ኖቬሎ ሽልማት የወሰዱት ሃምና ኢቫንስ ናቸው። ኒልሰን ለድምጹ ግራሚ አገኘ፣ እነሱ ለድርሰታቸው አይቮር ኖቬሎ አገኙ። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ ክፍፍል ነው።

ስለ ማሪያ ኬሪ የተባለውን በቀን መቁጠሪያ ብቻ መመለስ ይቻላል። ሃሪ ኒልሰን ያረፈው ጃንዋሪ 15 ቀን 1994 ነው። የእሷ ነጠላ ዜማ የወጣው በዚያው ወር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ጸሐፊው የያዙት ይህን ብቻ ነው። ዘፈኑ ግን ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1993፣ በ«ሚዩዚክ ቦክስ» አልበሟ ላይ ወጥቷል። ተቀድቶ፣ ታትሞ፣ ተሽጦ ያበቃ ነገር ነው። ኒልሰን ያኔ በሕይወት ነበር። ቀኖቹ መገጣጠማቸው ያሳዝናል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም ግን የለውም።

በሙዚቃው በኩል ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ማሪያ የተከተለችው የኒልሰንን መንገድ ነው፣ የባድፊንገርን አይደለም። ፒያኖው፣ ቁጠባው፣ ከዚያ ብድግ ማለቱ፣ ሁሉም የእሱ ነው። መጨረሻው አካባቢ የምትጨምራቸው የድምጽ ጌጦችም ለእኔ ይበዙብኛል። የመጀመሪያውን ስንኝ ስታወጣ ግን ስሟት። ትንፋሽ የበዛበት፣ ለመሰበር የደረሰ ድምጽ ነው። ያን ያህል ጉልበት ያላት ዘፋኝ ጉልበቷን ይዛ ስትቆይ የሚፈጠረው ውጥረት ቀላል ነገር አይደለም። በብሪታንያ የመጀመሪያ አንደኛዋ የሆነውም ይኸው ዘፈን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አራተኛው ነጥብ ገንዘቡና ሞቱ ነው። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳሰበኝም ይኸኛው ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ ተቀድቶ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ሌላ ዘፋኝ ሊዘፍነው ይችላል። ግን ለደራሲው ወገን በሕግ የተወሰነውን መክፈል አለበት። በ1972 ያ ክፍያ በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ነበር። 1 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ 20,000 ዶላር ይሆናል፤ እሱንም ደራሲዎቹና መብቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ይካፈሉታል። ትንሽ ነው፣ አዎ። ሬዲዮ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአሜሪካ ተራ ሬዲዮ ላይ ዘፈን ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲው ነው። ዘፋኙ ምንም አያገኝም። የኒልሰን ድምጽ በአሜሪካ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ገንዘብ የሚታሰብላቸው ሃምና ኢቫንስ እንጂ ኒልሰን አልነበረም። የማሪያም እንደዚያው። ስለዚህ ሌሎች ስለዘፈኑት ደኸዩ የሚለው የሒሳቡን አቅጣጫ ገልብጦ ማየት ነው። ሌሎች ስለዘፈኑት ነው ገንዘብ መምጣት የጀመረው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ? ጸሐፊው ይህን መጠየቅ ነበረባቸው።

ባድፊንገር በ1970 ስታን ፖሊ ከሚባል የኒው ዮርክ ማናጀር ጋር ተፈራረሙ። የባንዱ ገቢ ፖሊ ባቋቋመው ኩባንያ በኩል እንዲያልፍ ሆነ። ልጆቹ ደመወዝ ይቆረጥላቸው ነበር። በዓለም የታወቀ ዘፈን ያላቸው ሰዎች የወር ደመወዝተኛ ሆኑ። በአፕል በኩል የሚመጣውም ቢሆን በቢትልስ መለያየት ምክንያት በተፈጠረው የሕግ ጣጣ ለዓመታት ታስሮ ነበር። ከዚያ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ትልቅ ውል ተፈረመ። ከቅድሚያ ክፍያው ውስጥ በአደራ ሒሳብ መቀመጥ የነበረበት ገንዘብ ነበር። የዋርነር የመብት አስተዳደር ክፍል ገንዘቡ የት እንዳለ ሲጠይቅ መልስ አጣ። በ1974 መጨረሻ ክስ መሠረተ። አዲሱ አልበማቸው ገበያ ላይ ከዋለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመደብር ተሰበሰበ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ የእነሱ ነው፤ እጃቸው ላይ ግን የለም።

ፒት ሃም ቤት ገዝቶ ነበር። የሴት ጓደኛው እርጉዝ ነበረች። ደመወዙ ቆመ። ኤፕሪል 24 ቀን 1975 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 28 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ልጁ የተወለደችው ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ትቶት በሄደው ወረቀት ላይ በስም ጠርቶ የወቀሰው አንድ ሰው አለ። ማናጀሩን ነው። ኒልሰንን አይደለም። ሃም ራሱ ጣቱን ወዴት እንደቀሰረ እየታወቀ እኛ ወደ ሌላ ሰው የምናዞረው በምን መብት ነው?

የኢቫንስ ታሪክ ለእኔ ክርክር ይከብዳል። አልሸሸውም። ሃም ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1983፣ ኢቫንስም በተመሳሳይ መንገድ ሄደ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ከቀድሞ የባንዱ ባልደረባ ጋር በስልክ ስለ ዘፈን ገቢ ተጨቃጭቀው ነበር። የጭቅጭቁ አንዱ ምክንያት ይኸው «ዊዝአውት ዩ» ነው። ጸሐፊው «ዘፈኑ ታዋቂ ባይሆን ኖሮ ያ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር» ቢሉ፣ እውነት ነው፣ አይኖርም ነበር። ይህን ሳስብ እኔም አዝናለሁ። ግን ሰዎቹን ያጣላው የዘፈኑ መወደድ አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ ከመጀመሪያው ጥርት ብሎ አለመቀመጡና ዓመታት የፈጀው የገንዘብ እገዳ ነው። አንድ ርስት ወንድማማቾችን ሲያጣላ መሬቱ በመብቀሉ አንወቅሰውም።

እዚህ ላይ የራሳችንም ነገር ትዝ ይለኛል። የእኛን የካሴት ሽፋኖች አስታውሱ። የዘፋኙ ፎቶ ግማሹን ይይዛል። «ግጥምና ዜማ» የሚለው ከውስጥ፣ በደቃቃ ፊደል ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1996 ነው። ከዚያ በፊት የደረሱ ስንቶች ምን እንዳገኙ ቤታቸው ይቁጠረው። ለደራሲ የሚቆረቆር ሰው ጉልበቱን እዚህ ላይ ቢያውለው ደስ ይለኛል። ዘፈኑን ደግሞ የሚዘፍን ሰው ጠላቱ አይደለም። ሳይከፍል የሚዘፍን፣ ከፍሎም ገንዘቡን መሐል ላይ የሚያስቀር፣ እሱ ነው ጠላቱ።

የመጨረሻው ነጥብ ሌሎቹን ትታችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ስሙ የሚለው ነው።

እኔ ባድፊንገርን ያገኘሁት በማሪያ ኬሪ በኩል ነው። ታላቅ ወንድሜ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ያስቀዳው ካሴት ነበረን። ዘጠና ደቂቃ፣ ሙሉውን የእንግሊዝኛ የፍቅር ዘፈን። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ የዘፈኖቹን ዝርዝር ጽፎበታል። አራተኛው መስመር ላይ «ማሪያ ኬሪ፣ ዊዝአውት ዩ» ይላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ እንሰማው ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የማሪያ ድምጽ የወንድ ድምጽ እየሆነ ይሄዳል። ወንድሜ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና እንደገና ይከተዋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የኒልሰንን አሰማኝ። «ይኼ የማሪያ አይደል እንዴ?» አልኩ። አይደለም አለኝ። ከዚያ የደራሲዎቹን ስም አየሁ። ማን ናቸው ብዬ ፈለግሁ። «ዴይ አፍተር ዴይ»ን አገኘሁ፤ የሃም ድርሰት፣ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ሃሪሰን። «ቤቢ ብሉ»ን አገኘሁ። «ብሬኪንግ ባድ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ሳታውቁት ሰምታችሁታል። በ2013 የመጨረሻው ክፍል የሚያልቀው በእሱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁሉንም አልበሞቻቸውን ሰማሁ። ጸሐፊው እንዳሉት ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ይስማ ቢባል ኖሮ እኔ እዚያ የምደርስበት መንገድ አልነበረም። ካሴቱ ላይ የባድፊንገር ስም የለማ።

ካሴቱ አሁንም ቤት አለ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። ባለፈው እሑድ ከመሳቢያ አውጥቼ ወረቀቱን ገለጥኩት። ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል፣ የወንድሜ ጽሕፈት ግን ይነበባል። እስክሪብቶ ፈልጌ ከአራተኛው መስመር ሥር በደቃቁ ጨመርኩበት። «ግጥምና ዜማ፦ ፒት ሃም፣ ቶም ኢቫንስ።» ጎን ላይ ለኒልሰንም ትንሽ ቦታ ተረፈች።